ከሮለሩ ፊት

መስከረም 14 ቀን

ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለእኔ ግን ከሥጋ አጎት ለማያንሱት ለተከበሩት ጋሼ፣

ከረሙ ወይ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ አየሩ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ያውም ደረጃ ስታይ ነው እንጂ ጎረቤት ለመሄድ ሲሆን ትዝም አይላትም። ሰላምታዋ ብዙ ነው፤ ሙሉውን ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃኝም።

ነገሬን ላሳጥር። ፈቃድ ላወጣ ነው። የአስፋልትና የኮንክሪት ሥራ ተቋራጭ ልሆን ነው። ይሳቁ፣ እዚህም የሳቀ ሞልቷል። ስቀው ሲጨርሱ ግን ቀሪውን ያንብቡልኝ።

እንደሚያውቁት ዘጠኝ ዓመት ኮንክሪት ሳፈስ ኖሬያለሁ። ሰባት ሠራተኞች አሉኝ፣ ማደባለቂያዋ የራሴ ናት፣ የሌለኝ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሥራ የምንይዘው «ባለማኅተሙ» በምንለው ሰውዬ ስም ነው። ፈቃድ አለው፤ አካፋ ግን ጨብጦ አያውቅም። ሥራው ሲያልቅ በመኪና ይመጣል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል፣ ጫማውን አራግፎ ይሄዳል። ባለፈው ወር የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጨረስን። በሩ ላይ የሠሪው ስም ተለጠፈ፤ የእሱ ስም። ብረት አሳሪያችን ሴት ልጇ እዚያ ትማራለች። ልጅቷ ጽሑፉን ጮክ ብላ አንብባ «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው» አለቻት። እናትየው «አዎ፣ ጎበዝ ነው» ብላ እጇን ይዛት ሄደች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ቀን ቆረጥኩ።

መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ጥር ላይ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ እንድፈተን ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የኮንክሪት ሰው ስለሆንኩ፣ ለአስፋልቱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በኃላፊነት እንዳስመዘግብ ነው። ይሄን ሲሰማ ሌላው አመልካች ሁሉ ፊቱ ጠቆረ፣ እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ኮንትራክተሩ» የሚለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው አገር መንገድ ያነጠፈ አጎት እያለኝ ምን ያሳስበኛል?

ስለዚህ ጋሼ፣ ብር አልጠይቅም። የፈቃድዎን ቅጂ ይላኩልኝ። አስፋልትንም በደብዳቤ ያስተምሩኝ። በስልክ እንዳልል እማዬ ስልኩን ትቀማኛለች።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 2 ቀን

ለተወደድሽው ልጄ፣

የያዝሽው ይያዝልሽ፣ የጀመርሽው ይለቅልሽ። ፈጣሪ እጅሽን ከድካም፣ ስምሽን ከሐሜት ይጠብቀው። ለእናትሽ ለእህቴ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ለጉልበቷ የሚቀባ ነገር ልኬያለሁ፤ ጎረቤት ለመሄድም ይረዳታል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልሳቅኩም። አንቺ ትንሽ ሆነሽ ጭቃ ስታቦኪ ያየሁሽ ሰው ነኝና ምን ያስቀኛል? መልስ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። ከዚህ ሲነሳ እዚያ፣ ከዚያ ሲነሳ እዚህ፤ ሁሉ ነገር በእኔ ላይ ነው።

አሁን ስሚኝ። አስፋልት እንደ ኮንክሪት አይታገስም። መኪናው ሲደርስ ጭሱን እዪ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ተቃጥሏል። ክምሩ ላይ ቆዳ ከያዘ በርዷል። በሁለቱም ሾፌሩን አትለማመጪው፣ መልሺው። በአካፋ ወደ ላይ አትበትኚ፤ ጠጠሩና ሬንጁ ይለያያሉ። አዲሱ ከአሮጌው በሚገናኝበት መስመር ላይ ሬኩን፣ ያንን ጥርሳሙን ብረት፣ ገልብጠሽ በጀርባው ግፊው እንጂ አትጎትቺው። ጎንበስ ስትዪም ከጉልበትሽ እንጂ ከወገብሽ አይሁን፤ ወገብ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ቢሮ ካዝና ውስጥ ነው። የካዝናው ቁልፍ ጸሐፊዋ ጋ ነው፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ወልዳ ቤቷ ናት። ስትመለስ እናያለን። ለጊዜው ይቺን ብር ልኬልሻለሁ፤ ብረት ያለው ጫማ ግዢባት።

አጎትሽ

ኅዳር 27 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ብሩ ደርሷል፣ ፈጣሪ ይተካልዎት። ጫማ ስላለኝ ለእማዬ ሰጠኋት፤ እሷም «ምን ጎድሎት ነው ሳይጠየቅ የሚልከው?» ብላ ከሳጥኗ ከተተችው። አልገባኝም፤ እሷም አላስረዳችኝም።

ትምህርትዎን ለሠራተኞቼ እያነበብኩላቸው ነው። ስለ ጭሱ ያሉትን ማደባለቂያ የሚያዞረው ሰውዬ በቃሉ ይዞታል፤ አሁን ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ጭሱን ሳያይ አይጠጣም። የእኛም ሥራ እንደ በፊቱ ነው። ትናንት ወለል ስናፈስ ልጆቹ ድብልቁ ከበደን ብለው ውኃ ሊጨምሩበት ሲሉ ባልዲውን ቀማኋቸው። ውኃ ሲበዛበት ለዛሬ እጅ ይቀልላል፣ ለነገ ይሰነጠቃል። ባለማኅተሙ ቢሆን «ጨምሩበት፣ ቶሎ ይለቅ» ይላቸው ነበር።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ከአንድ ሠራተኛ ማስታወሻ ደብተር ተውሼ አስፋልቱን እያጠናሁ ነው። «ውፍረቱ አምስት ሳንቲሜትር» ሲል አስፋልቱን የሚዳምጠው ሮለር ሳያልፍበት ነው ወይስ ካለፈበት በኋላ? ደብተሩ እዚህ ገጽ ላይ ዘይት ፈሶበታል፣ አይነበብም። ፈተናው ላይ ይመጣል አሉኝ።

ጸሐፊዋ ወልዳ ተነሳች? ወንድ ነው ሴት? ለማንኛውም እንኳን ማርያም ማረቻት ይበሉልኝ፣ ቁልፉንም አይርሱ።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ቤቱን በሙሉ። ጸሐፊዋ ሴት ነው የወለደችው።

ከደብተር ይልቅ የእኔን ሠላሳ አንድ ዓመት እመኚ። እዚህ በየጠዋቱ ከእጅ የማይለይ መለኪያ እንጨት አለ። አምስት ለሚባለው መንገድ ባለ አምስቱን እንጨት ትይዣለሽ፤ ትኩሱን አስፋልት ታነጥፊያለሽ፤ እንጨቱን ቁልቁል ትሰኪበታለሽ፤ አናቱ ጋ ከደረሰ አምስት ነው፣ አለቀ። ሮለሩ ከዚያ በኋላ ትንሽ ይጫነዋል፣ እሱን ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ አምስት ማለት ሳይዳመጥ ነው። ኮሚቴው ቢጠይቅሽ ሳትርበተበቺ መልሺ።

ፈቃዱ እየታደሰ ነው። እድሳቱ ጊዜ ይወስዳል። ትንሽ ብር ጨምሬያለሁ።

አጎትሽ

ጥር 24 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ወድቄያለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። መሃል የተቀመጠው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ መሐንዲስ ነው። ስለ ኮንክሪት እየደጋገመ ጠየቀኝ፤ እየደጋገምኩ መለስኩ። ከዚያ ጠመኔ ሰጠኝ። ሁለት መቶ ሜትር ርዝመት፣ አራት ሜትር ወርድ፣ አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው መንገድ ስንት ቶን አስፋልት ይፈጃል? እርስዎ እንዳሉኝ አምስቱን ሳይዳመጥ ብዬ አሰላሁ። ሰባ ስድስት ቶን። አልተርበተበትኩም፤ እንዲያውም ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

መሐንዲሱ መነጽሩን አወረደ። «መልሱ ዘጠና ስድስት ነው» አለ። «በፕላን ላይ አምስት ሲባል ሮለሩ ካለፈ በኋላ ነው። ባንቺ ስሌት የተሠራ መንገድ አራት ሆኖ ይቀራል፤ ክረምት አይሻገርም። ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አጎቴ። ኮንትራክተር ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ፤ የክፋት አልነበረም። «ኮንትራክተር ለያንዳንዱ ቶን ከኪሱ ስለሚከፍል እንዲህ አይሳሳትም» አለኝ። «ይሄ ከሮለሩ ፊት የሚቆም ሰው ሒሳብ ነው።»

ቤት ገብቼ ደብዳቤዎችዎን እንደገና አነበብኳቸው። ስለ ጨረታ፣ ስለ ውል፣ ስለ ዋስትና አንድ ቃል የለም። ስለ እጅ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ወገብ ሞልቷል። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙት ከሮለሩ በየት በኩል ነው?

ኮሚቴው እንደገና የሚቀመጠው ሰኔ 10 ቀን ነው። እስከዚያ የምንሠራው በባለማኅተሙ ስም ነው።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 15 ቀን

ጋሼ፣

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ቢቆጡኝም ይጻፉ። ባይጽፉም አለሁ ይበሉ። እማዬ በየቀኑ ፖስተኛውን በር ላይ ስለምትጠብቀው ሰውዬው መንገድ መቀየር ጀምሯል።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 29 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። አለሁ። አልታመምኩም። ያመመኝ ሌላ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት ፎርማኑ መለኪያ እንጨቶቹን ሲያድል ባለ አምስቱን ተቀብዬ ወደ መኪናው ጀርባ ሄድኩና ሜትር ዘረጋሁበት። ስድስት ሳንቲሜትር ከሁለት ሚሊ ተኩል። ላዩ ላይ ግን በቀለም የተጻፈው 5 ነው። ለካ ለሮለሩ የሚሄደውን ጨምረው ነው የሚቆርጡት፣ እኛ ማሰብ እንዳይኖርብን። ሠላሳ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንድ ቀን ለክቼው አላውቅም። ያን ቀን ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠራሁ፣ አልሰማሁም።

እንግዲህ ልንገርሽ። ኮንትራክተር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ፎርማንም አይደለሁም። ሬክ ያዥ ነኝ። አንጣፊው ማሽን ካለፈ በኋላ፣ ሮለሩ ከመምጣቱ በፊት፣ ጎዶሎውን የምሞላ፣ እብጠቱን የምገፋ እኔ ነኝ። ካዝና የለም። ጸሐፊም የለችም፤ ሴት ልጇንም ከራሴ ነው ያዋለድኳት።

እንዲህ የሆነው እዚህ በመጣሁ በዓመቱ ነው። አባቴ ታሞ ነበር። ደስ ይበለው ብዬ «ኮንትራክተር ሆኛለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ደስ ብሎት ሞተ። እኔ ግን ከወጣሁበት መውረጃ መሰላል አጣሁ። ስንት ጊዜ ትኬት ልቆርጥ አስቤ፣ በር ላይ ቆማችሁ «ኮንትራክተሩ መጣ» ስትሉ እየታየኝ ተውኩት። ለዚህ ነው ሠላሳ አንድ ዓመት ያልመጣሁት፤ ሌላ ምክንያት ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ሰበብ ነው።

አንቺን ግን ለውድቀት ዳረግኩሽ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ብር ልላክልሽና ከአንድ ፈቃድ ካለው ሰው ወረቀት ተከራዪ፤ እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ ይባላል። ለእናትሽ ብቻ አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

አጎትሽ

ሚያዝያ 20 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ከሰላምታዬ ቀጥሎ የምለው ተናድጃለሁ ነው። ከኮሚቴው ፊት ጠመኔ ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። «አላውቅም፣ ሌላ ሰው ጠይቂ» ቢሉኝ ኖሮ ምን ይጎድልብዎት ነበር? አላውቅም ማለት እኮ አያስከፍልም። ይሄን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጽፌዋለሁ፣ አልፏል።

ለእማዬ እንዳትነግሪ ብለዋል። ደብዳቤውን ከፖስተኛው የተቀበለችው እሷ ናት፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ምን ትላለች ብዬ ፊቷን አየሁ። «አውቅ ነበር፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ስለ ሥራው በተጠየቀ ቁጥር በመልስ ፈንታ ብር ይልካል» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ስላት «እሱ ለመናገር እስኪደርስ ነው የጠበቅኩት። ትንሽ ቆየ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ስታለቅስም ሦስት ጊዜ «ሞኝ» ብላ ሰደበችዎት።

ወረቀት መከራየቱን ግን አያንሱብኝ። የተከራየ ወረቀት ማለት ሌላ ባለማኅተም ማለት ነው። ከአንዱ ስም ወጥቼ ሌላው ስም ውስጥ ልገባ ነው ሰባት ወር የለፋሁት?

ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። እዚያ አገር ፈተና የለም? አለ አይደል? ይፈተኑ። ባለማኅተሙ ወረቀቱ አለው፣ ሥራውን ግን አያውቀውም። እርስዎ ሥራውን ያውቃሉ፣ የጎደለዎት ወረቀቱ ነው። ከሁለቱ የቱ ይቀላል? ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው እንዳይሉኝ። እንጨቱን የለኩበት ሜትር ዕድሜዎን አልጠየቀዎትም።

የስሌቱን ክፍል በእጄ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ዘይት የፈሰሰበትን ገጽ መሐንዲሱን ጠይቄ ሞልቼዋለሁ። ሌላ ብር ከላኩ እመልሰዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 18 ቀን

ለልጄ፣

ፈጣሪ ንዴትሽን ይባርከው፤ ከሰው ሁሉ ሰላምታ የበለጠ ጠቀመኝ። ለእህቴ ስድቡ ደርሶኛል በያት። ይገባኛል፤ አራተኛም ካላት ትጨምር።

ተመዝግቤያለሁ። ለመመዝገብ ግን አራት ዓመት የፎርማን ሥራ መሥራቴን አሠሪዬ መፈረም ነበረበት። አሠሪዬ የድሮው ባለቤት ልጅ ነው፤ እኔ ስቀጠር ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ቢሮው ውስጥ ቆሜ ቆቤን እያሸሁ ነገርኩት። በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፎርማን በታመመ ቁጥር ሥራውን የምትመራው አንተ አይደለህም እንዴ? ልንሾምህ ስንል ግን ወደ ኋላ ትላለህ። አባቴም ሦስት ጊዜ ጠይቆህ እምቢ ብለሃል። ማዕረግ የማትፈልግ ሰው ነህ ብለን ተውንህ።» እውነቱን ነው። ፎርማን ብሆን ለእናንተ መጻፍ አልችልም ነበር፤ ከኮንትራክተር ወደ ፎርማን ወረደ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። በውሸቴ ማዕረግ ምክንያት የእውነቱን ማዕረግ ሦስት ጊዜ መለስኩ። እዚያው ወንበር ስቦልኝ ፈረመልኝ፤ አራት ዓመት ሳይሆን አሥራ አንድ ዓመት ብሎ።

የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከዳቦ ቤት በላይ። ወለሉ ስለሚሞቅ ጫማዬን አውልቄ አጠናለሁ። ስሌቱ ገባኝ፤ አንቺ የላክሽውን ሁለት ጊዜ ሠርቼ ዘጠና ስድስት መጣልኝ። የሚገለኝ የውሉና የሕጉ ክፍል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ገጽ ሙሉ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። ሥራ ላይ ያሉት ልጆች መነጽር መግዛቴን አይተው «አያ ዳኛ» ይሉኛል። ይበሉ። በምሳ ሰዓት አካፋ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።

ፈተናዬ ሰኔ 5 ነው። ያንቺም ሰኔ 10 ነው ብለሻል። እንግዲህ ማንኛችን እንደምንቀድም እናያለን።

አጎትሽ

ሰኔ 13 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

አለፍኩ። ያው መሐንዲስ፣ ያው ጠመኔ፣ ሌላ መንገድ። «አምስቱ የት ጋ ነው?» አለኝ ገና ሳልጀምር። «ከሮለሩ በኋላ» አልኩት። እስክጨርስ አልጠበቀም፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው።

የኮንክሪቱን ፈቃድ እዚያው ሰጡኝ። አሁን ፊቴ ተቀምጧል። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስተው ነበር፤ እስኪያስተካክሉ አልወጣም ብዬ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩባቸው። ለባለማኅተሙም ነገርኩት። «ያለ እኔ ትቸገሪያለሽ» አለኝ። ልቸገር እችላለሁ፤ ግን በራሴ ስም ነው የምቸገረው።

የአስፋልቱ መስመር ላይ ግን «ኃላፊ ባለሙያ ሲመዘገብ» ብለው ባዶውን ትተውታል። እስከ ሐምሌ 30 ካልተሞላ ይሰረዛል፤ እንደ አዲስ ከሀ ነው የምጀምረው። በሆስፒታሉ በር የሚያልፍ አራት መቶ ሜትር መንገድ ለጨረታ ይወጣል፤ አምቡላንሱ በገባ በወጣ ቁጥር በሽተኛው የሚንገላታበት ነው። እሱን ነበር ያሰብኩት።

ቢሆንም ጋሼ፣ ይሄን የምነግርዎ ላስጨንቅዎ አይደለም። ዘንድሮ ካልሆነ ኮንክሪቴን አፈሳለሁ፣ ለከርሞ እደርስበታለሁ። ለእኔ ሲሉ አይቸኩሉ። ለራስዎ ሲሉ ግን አያቁሙ።

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 9 ቀን

ለልጄ፣ ለተቋራጯ፣

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለን። ስምሽ ላይ ለአንድ ፊደል ሦስት ሰዓት መቀመጥሽን ሳነብ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ።

የእኔን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ሰኔ 5 ተፈተንኩ። የሙያውን ክፍል አለፍኩ። የሕጉን በሁለት ጥያቄ ወደቅኩ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሦስት ፌርማታ አለፈኝ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ በምሳ ሰዓት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። አሠሪዬ አይቶኝ «በሁለት ሳምንት ድጋሚ አለ» አለኝና ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ለቀቀኝ። ሰኔ 23 ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ የነበሩት በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፈታኙ መብራት ሊያጠፋ ቆሞ ነበር።

አለፍኩ። በአንድ ጥያቄ።

በየቢሮው ዞሬ ያስመሰከርኩትን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ በአደራ ፖስታ ስለሆነ ይደርሳል። አንብቢው፤ እውነተኛ ነው። የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ ፈልጌ አንብቤያለሁ፤ አሁን ሕግ አያስፈራኝም። ኃላፊው ባለሙያ ሥራው ላይ በአካል ካልተገኘ ፈቃዱ ዋጋ የለውም ይላል። ደንብ ነው። ለአሠሪዬ ነግሬዋለሁ፤ ወቀሰኝ፣ ቀጥሎም ተሰናበተኝ። ዝናቡ ሲያቆም፣ መስከረም 6 ሰኞ እደርሳለሁ።

ቅጹ ላይ የሥራ ልምድ የሚል መስመር መኖሩ አይቀርም። ፎርማን የሚለውን ጻፊ፤ አሠሪዬ ፈርሞበታል፣ ውሸት አይደለም። እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው።

አጎትሽ

ሐምሌ 27 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ከመነሳትዎ በፊት እንዲደርስዎ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ወረቀቱ ሐምሌ 24 ደረሰ። እማዬ በዚህ ጊዜ አልከፈተችውም፤ እኔ እስክመጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ቆየች። አብረን ከፈትነው። ስምዎን በጣቷ ተከትላ አነበበችው፤ አጥፋ ሰጠችኝ። ፊቷን ስትታጠብ ቆየች።

ትናንት ይዤው ሄድኩ። ቅጹን የሚሞላው ወጣት ጸሐፊ ነው፣ ፈጣን፣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ። «የኃላፊው ባለሙያ የሥራ ልምድ?» አለኝ። ያሉኝን አልረሳሁም። ፎርማን የሚለው ወረቀት እጄ ላይ ነበር፣ እሱንም አያይዤዋለሁ። ነገር ግን ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ሬክ ያዥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» ብለህ ጻፍ አልኩት።

እስክሪብቶውን አቁሞ ቀና አለ። «ከዚህ ከፍ ያለ ነገር የለም?»

«የለም» አልኩት።

ጻፈው። ማኅተሙንም መታበት፤ በእኔና በእርስዎ ስም። መስከረም 6 ሰኞ ጣቢያው ላይ እንጠብቅዎታለን።

የእህትዎ ልጅ